ታሪፉን ማን ፈረመበት? ስለ ድሬዳዋ መንገድ፣ ባጃጅና ተጠያቂነት

ድሬዳዋ ላይ የባጃጅ ታሪፍ ሲጨምር ወሬውን መጀመሪያ የምንሰማው ከሹፌሩ ነው። ከሳቢያን ተሳፍረን ቀፊራ ስንወርድ የለመድነውን ብር እንሰጣለን። ልጁ ብሩን ያይና እጁን እንደዘረጋ ይቆያል። «ጨምሯል እኮ፤ አልሰማችሁም?» ይላል። ማን ጨመረው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ከላይ ነው»። ዘንቢል ይዘው ከኋላ የተቀመጡት እናት «ኧረ አቦ! ትናንት በስንት ነው የሄድኩት?» ይላሉ። ልጁ ደግሞ ቤንዚን በሃይላንድ ስንት እንደገባ ይነግራቸዋል። «እናቴ፣ እኔስ ከየት ላምጣ?» ከኋላ የቆመው ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል። እናትየዋ እያጉረመረሙ ጨምረው ይከፍሉና ይወርዳሉ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የሴትየዋ ጥያቄ ተገቢ ነው። ልጁም እየከሰረ ሊነዳ አይችልም። እዚያ ባጃጅ ውስጥ የሌለው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ታሪፉን የወሰነው፣ ወይም መወሰን እያለበት ዝም ያለው። ስሙ አይታወቅም። ፊርማው ያረፈበትን ወረቀት ያየ ተሳፋሪም ፈልጋችሁ አታገኙም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ወረቀት ነው።

ስለ ከተማ አስተዳደር ተጠያቂነት ወሬ ሲነሳ ቶሎ ብለን ሙስና ላይ እንወርዳለን። ሙስና የለም የሚል የለም። የየዕለቱ ችግር ግን ከዚያ ያነሰ ጫጫታ ያለው ነው። ውሳኔ ይወሰናል፤ ማን እንደወሰነው፣ በየትኛው ሕግ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራበት የሚናገር ጽሑፍ ግን ነዋሪው እጅ አይደርስም። የሚደርሰው በቃል ነው። በቃል የመጣን ነገር ይዞ ደግሞ አቤት ማለት አይቻልም።

የባጃጁን ነገር ትንሽ እንፍታው። አንድ ታሪፍ ላይ ቢያንስ አራት እጅ አለ። የነዳጅ ዋጋ የሚታወጀው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የሚያውጀውም ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ስለጀመረ፣ አዲስ ዋጋ ወጣ ሲባል ሰው ጭማሪ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የከተማ ውስጥ ታሪፍና ስምሪት የከተማው የራሱ ሥራ ነው። ባለባጃጆቹ ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ስለሆኑ ቃሉ ወደ ሹፌሩ የሚወርደው በማኅበሩ በኩል ነው። መንገድ ላይ አቁሞ የሚቀጣው ትራፊክ ፖሊስ ነው።

እንግዲህ እናትየዋ የት ሄደው ይጠይቁ? ማኅበሩ «እኛ የታዘዝነውን ነው» ይላል። ቢሮ ያለው ሰው ነዳጁን ያሳያል። ትራፊኩ ታሪፍ አላወጣሁም ይላል፤ እውነቱን ነው። ሁሉም ግማሽ እውነት ስላለው ማንም የዋሸ የለም። ማንም የመለሰም የለም።

በዚህ ላይ ደግሞ ማደያው አለ። ታሪፍ የሚሰላው በማደያ ዋጋ ነው። ቤንዚን ማደያ ላይ ሲጠፋ ግን ሹፌሩ የሚነዳው በፕላስቲክ ጠርሙስ በሚሸጠው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማን ይሸከም? ሹፌሩ ብቻውን ከተሸከመው ማታ ላይ ለባለንብረቱ የሚያስገባው ያጥርበታል። ስለዚህ መንገዱን ይቆራርጣል፤ እስከ ግማሽ ያወርድና ቀሪውን እንደ አዲስ ያስከፍላል። ወይም «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል። ይሄን ሁላችንም የሹፌር ብልግና አድርገን እንሰድበዋለን። አንዳንዱ በእርግጥም ብልግና ነው። አብዛኛው ግን ማደያው ላይ የተበላሸው ነገር ባጃጅ ላይ ሲወራረድ ነው። የከተማው አስተዳደር ታሪፍ አወጣሁ ብሎ የነዳጁን ስርጭት ካልተከታተለ፣ ታሪፉን ያወጣው ለማይኖር ቀን ነው።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ባጃጁ ድሬዳዋን አድኗታል። ከእሱ በፊት በአሮጌዎቹ ፔጆዎችና በጋሪ የምንገፋ ከተማ ነበርን። ባጃጅ ሲገባ ጠባቡ የመጋላ መንገድ ሳይቀር ትራንስፖርት አገኘ። ሥራ ያጣ ወጣት እንጀራ አገኘበት። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ችግሩ ከተማው ይህን ያህል በባጃጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ባጃጁን የሚያየው መንገድ እንደሚያጨናንቅ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ዛሬ እዚህ አትቁም፣ ነገ በዚያ አትለፍ ይባላል። «የት ይቁም?» የሚለው ጥያቄ ፕላን ላይ መመለስ ነበረበት።

ፕላን ካልን ድሬዳዋ የምትታማ አልነበረችም። ከተማዋ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ። ሐረር ተራራ ላይ ሆና ባቡሩ ሊወጣላት ስላልቻለ ጣቢያው ከተራራው ሥር ተተከለ። ከጣቢያው ደጃፍ ተነስቶ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ተሰመረ፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዳር ዳሩን ጥላ ያለው ዛፍ። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ መጋላ በራሱ ልክ አደገ፤ ገበያ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፈ ቤት። ከዚራን የሠራው የባቡር ኩባንያ ማንንም አላማከረም፤ መልስ የሚሰጠውም ለባለአክሲዮኖቹ ነበር። ስለዚህ ያንን ዘመን እያነሳሁ «የድሮው ይሻል ነበር» የምል አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ነበረው። ሐዲዱም፣ መንገዱም፣ ቤቱም፣ ዛፉም የአንድ ባለቤት ሥራ ስለነበር ጣቢያ ሲታሰብ ከጣቢያው ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አብሮ ታስቧል።

አሁን ወደ አዲሱ ባቡር እንምጣ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የድሬዳዋ ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ያምራል። ከከተማው ግን ወጣ ያለ ነው። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የሚጋፈጠው የኮንትራት ድርድር ነው። ባቡሩ የሁለት መንግሥታት ፕሮጀክት ነው፤ ትኬቱ ዋጋ አለው፣ ሰዓቱ ይታወቃል። ከጣቢያው እስከ ከዚራ ያለው ጉዞ ግን ዋጋውም የሹፌሩ፣ ሰዓቱም የሹፌሩ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከተማው ከጣቢያው በር ላይ ተጀመረ። አሁን ጣቢያው ለብቻው መጣ። ይህን ክፍተት መሙላት የማን ሥራ ነው ብትሉ፣ ባቡሩ ሐዲዱን ያሳያችኋል፣ ከተማው ደግሞ ባቡሩን።

ሕጉ ለዚህ ዓይነት ነገር መልስ አለው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ፕላኑ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ዋና ዋና መንገዶች፣ መኖሪያ፣ ኢንዱስትሪ፣ ከተማው የሚያድግበት አቅጣጫ ሁሉ እዚያ ላይ መታየት አለበት። ከእሱ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ ይሄ ሰፈር ለሰፈር የሚወርደው ነው። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ሕዝብ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። ስብሰባው ምን እንደሚመስል የተሳተፈ ያውቀዋል። ውሃና ለስላሳ አለ። ካርታው ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው ቀለሙን እንጂ መስመሩን አያይም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ስለ ቧንቧ ውሃ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከዕለቱ አጀንዳ ውጭ ነው ይባላል። በመጨረሻ «ሕዝቡ ተወያይቶ ተቀብሎታል» የሚል ዜና ይሠራል። የሚገርመኝ ይሄ አይደለም፤ የትም ያለ ነገር ነው። የሚገርመኝ ከስብሰባው በኋላ ያ ካርታ የት እንደሚገባ ነው። ቀበሌ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ስንት ጠብ ይቀር ነበር! ሰው ቤቱ መንገድ ይመጣበት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። መሬት ሊገዛ የተነሳም ደላላ ከማመን ይድናል።

ፕላን የሚሠራው ደግሞ በሰው ቁጥር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የድሬዳዋ ሕዝብ ገጠሩን ጨምሮ 341,834 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከተማ ውስጥ የሚኖረው 233,224። ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው። ሳቢያንን ያኔ አይቶ ዛሬ የተመለሰ ሰው ይህ ቁጥር ምን ያህል እንዳረጀ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልገውም። ሰፈሩ ይቀድማል፣ መንገዱ ይከተላል፣ ትራንስፖርቱ የመጨረሻ ነው። አንዲት ተማሪ አዲሱ ሰፈር ስለገባች ብቻ በቀን ሁለት ጊዜ በተቆራረጠ መንገድ ሁለት ሁለት ታሪፍ ትከፍላለች። ይሄ ወጪ የትኛውም የፕላን ሰነድ ላይ አይቆጠርም።

የፕላን ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ግን ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነበር፤ ከተማው ተኝቷል። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለዚህ ነው የሚያታልለው። ዳር ዳሩ ላይ ቤት ሲሠራ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ መብራት ሲገባ እያንዳንዱ እርምጃ የአንድ ሰው ፈቃድ ወይም ዝምታ ነበረበት። ያ ሁሉ ፈቃድና ዝምታ አንድ ሌሊት ላይ ተደመረ። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ጥሩ ነው። ግንብ ግን ውሃን እንጂ ፈቃድን አይከላከልም። ወንዙ ዳር የሚሰጥ እያንዳንዱ ቦታ ማን እንደፈቀደው በግልጽ ካልታወቀ፣ ቀጣዩ ጎርፍ ሲመጣ ተጠያቂው እንደገና ሰማዩ ነው የሚሆነው።

ይህን የማነሳው የኮሪደር ልማቱ ስለመጣ ነው። ሥራው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰፋ ድሬዳዋም ደርሷታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማን ይጠላል? ማታ ቤተሰቡን ይዞ ለሚወጣ የድሬ ሰው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከዚራ ወክ ማድረግ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የሚፈርሰውና የሚሰፋው ነገር መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ አለ ወይስ ፕላኑ በኋላ ይስተካከልለታል? ጠርዙ ከፍ ሲል ባጃጁ የት ያውርድ? ተሳፋሪው የት ይጠብቅ? ለተነሺው የሚከፈለው በካሳ አዋጁ በ1161/2011 መሠረት ተሰልቶ፣ ስሌቱ በጽሑፍ ተሰጥቶታል? እነዚህ የተቃውሞ ጥያቄዎች አይደሉም። አንድ የግቢ ግንበኛ እንኳን ከመጀመሩ በፊት የሚጠየቃቸው ናቸው።

የጥላውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ድሬዳዋ ላይ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል ፀሐይ ላይ ትራንስፖርት መጠበቅ ቅጣት ነው። የከተማው ቀንም እንደ አዲስ አበባ አይሄድም። ጠዋት በጊዜ ይጀመራል። ለምሳ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ በርጫው አለ፣ እንቅልፉ አለ። ማታ ከተማው እንደገና ይነቃል። ስለዚህ መጨናነቁ ቀትር ላይም አለ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓትም ሰው መንገድ ላይ ነው። ስምሪት የሚያወጣ ሰው የሌላ ከተማን የሥራ ሰዓት ገልብጦ ካመጣ ባጃጁ ሰው በሌለበት ሰዓት ይሰለፋል፣ ሰው ባለበት ይጠፋል። ፌርማታ ሲሠራም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቀመጫው አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወዴት ይወድቃል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ዘንቢል የያዙትን እናት መጠየቅ ይበቃል።

ታዲያ አስተዳደሩ ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? እዚህ ላይ ድሬዳዋ ለየት ትላለች። ሕገ መንግሥቱ ላይ ስሟ የለም፤ ከክልሎቹ ዝርዝርም ውስጥ የለችም። የምትተዳደረው በቻርተር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 416/1996። ምክር ቤት አላት፣ ከንቲባ አላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። ከዚህ ላይ ሥልጣን ለረጅም ጊዜ የተከፋፈለበት የ40፣ 40፣ 20 ቀመር አለ፤ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። ስለ ቀመሩ ፍትሐዊነት ብዙ ተብሏል፤ እዚህ አልደግመውም። ከትራንስፖርት አንጻር ግን ውጤቱ ይታያል። ወንበሩን ያገኘው በፓርቲ ድርሻ ከሆነ፣ ኃላፊው ጠዋት ሲነሳ የሚያስበው ድርሻውን ስለሰጠው ፓርቲ ነው። ሳቢያን ላይ ባጃጅ አጥታ የቆመችው ተማሪ ወንበሩን አልሰጠችውም፤ ልትነጥቀውም አትችልም።

የፌዴራል ተጠሪነቱም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ባቡሩ፣ ነዳጁ፣ በነሐሴ 2014 የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠና፣ ሁሉም ከላይ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ከተማው «የእኔ አይደለም» ለማለት ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። ግን ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው ወደ ሰው ቤት የሚወስደው መንገድ የከተማው ነው።

ያው ተጠሪነት ለነዋሪው የሚጠቅምበት በር አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከፌዴራል ተቋማት ሌላ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮችም ይይዛል። አዋጁ የሚለው ቀላል ነው። አንድ ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን አስቀድሞ ለሕዝብ ያሳውቃል፣ አስተያየት ይቀበላል። ከጸደቀ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፣ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ባጃጅ በየት እንዲሄድ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ፣ በምን ያህል እንዲያስከፍል የሚደነግግ ነገር በመመሪያ ከመጣ ይሄ ሁሉ ይመለከተዋል ማለት ነው። በቃል ከመጣ ደግሞ ጥያቄው የባሰ ይከብዳል፤ በምን ሥልጣን?

በውሳኔ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ቅሬታውን ለዚያው ተቋም ያቀርባል። ካልተሳካለት በዚሁ አዋጅ መሠረት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ይህ ፍርድ ቤት ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ያስችላል፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለም። አንድ የባጃጅ ማኅበር ጠበቃ ቢያቆም፣ ያልታተመ ክልከላ ይዞ ቢከራከር ከመቶ ሰልፍ ይበልጥ ነበር። ሹፌሮቹ መንገድ ዘግተው ከሚውሉ ይሄ ይሻላል። ሥራ ሲያቆሙ የሚቀጣው ተሳፋሪው ነው እንጂ ወሳኙ ሰውዬ መኪና አለው።

ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ የማይፈልግ ሰው ከወረቀቱ ይጀምር። የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ለምን እንደፈለገው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል። ቅሬታው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመራል።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ አይሞላም። «ከሳቢያን ቀፊራ ያለው የባጃጅ ታሪፍ በሥራ ላይ የዋለበት ደብዳቤ ቅጂ ይሰጠኝ። የፈረመው ኃላፊ ስምና ቀኑ የሚታይበት ይሁን። ታሪፉ ሲሰላ የተያዘው የቤንዚን ዋጋም ይገለጽልኝ።» በቃ። ስለ መልካም አስተዳደር መግቢያ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም መግቢያ ባለው ደብዳቤ ላይ መልሱም መግቢያ ብቻ ሆኖ ይመጣል። ስለ ፕላኑ መጠየቅ የፈለገ ደግሞ የሰፈሩን የአካባቢ ልማት ፕላን ቅጂ፣ የጸደቀበትን ቀንና የሕዝብ ውይይቱን ቃለ ጉባኤ ይጠይቅ።

በሁለት ኮፒ ይጻፍ። አንዱ እዚያው ይቀራል፤ ሌላው ላይ መዝገብ ቤት ማኅተም ይመታበታል። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው ገቢ ከሆነበት ዕለት ስለሆነ፣ «ነገ ተመለስ» ቢባልም ቀንና ቁጥር ሳያስጽፉ መውጣት አይገባም።